ህንጻው ሳይሠራ ፎቶው ከየት መጣ?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ አጥር ላይ ተለጥፎ የምናየው ያማረ ህንጻ ፎቶ ሳይሆን ሬንደር ነው። እንዴት እንደሚሠራ እንንገራችሁ።

ኮምፒውተሩ ቀለሙን፣ ጥላውንና ነጸብራቁን ለየብቻ ማውጣት ይችላል። ፓስ ይባላሉ። ፎቶሾፕ ላይ ይደራረባሉ፦ ጥላው በ«መልቲፕላይ» ከሥሩ ያለውን ያጨልማል፣ ነጸብራቁ በ«ስክሪን» ያበራል። ደንበኛው «መስታወቱ አብለጨለጨ» ካለ ነጸብራቁን ብቻ ማደብዘዝ ነው እንጂ ሰዓታት የፈጀውን ሬንደር እንደ አዲስ መጀመር የለም። መብራት መሀል ላይ ለሚጠፋበት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! ፓሶቹን ብሌንደር በነጻ ያወጣል።

ከኋላ የምታዩት ጦሳ ተራራም ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የገባ ሌየር ሊሆን ይችላል። ሱቅ ልትገዙ ካሰባችሁ ፕላኑንና የግንባታ ፈቃዱን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።