ወረርሽኝና የቆዳ ቀለም፦ ተረቱና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ ወራት ኮቪድ-19 ከአገር አገር ሲዛመት፣ «ጥቁር ሰው በዚህ በሽታ አይያዝም» የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ከአፍሪካ እስከ አሜሪካ ተናፍሶ ነበር። ወሬው ፈጽሞ መነሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ የሚመዘገበው የሕሙማን ቁጥር አነስተኛ ከመሆኑም በላይ፣ በአህጉሩ ብዙ ሰዎች የሚወርሱትና ቀይ የደም ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስለው ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲገኝ ከከባድ ወባ እንደሚከላከል በሕክምና የተረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዘረመል በደም ሕዋስ ውስጥ የሚያድገውን የወባ ተውሳክ ቢያሰናክልም፣ በመተንፈሻ አካል የሚገባን ቫይረስ እንደሚያግድ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም።

ተረቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ አሰራጮቹ ይቅርታ በተገባቸው ነበር። በ1793 ትንኝ የምታስተላልፈው ቢጫ ወባ ፊላደልፊያን ሲያጠቃ፣ ስመ ጥሩው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ጥቁሮች አይያዙም ብሎ በማመኑ ሕሙማንን እንዲያስታምሙ ጠየቀ፤ በአብሳሎም ጆንስና በሪቻርድ አለን መሪነት ጥሪውን ተቀብለው ከተሰማሩት ብዙዎቹ ታመሙ፣ ሞቱም፤ ረሽም መሳሳቱን በጽሑፍ አመነ። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ያንኑ ተረት ሳያጣሩ ያራቡት ሰዎች ያደረሱትን ጉዳት በቁጥር ማስላት ባይቻልም፣ ሰውን ከጥንቃቄ ማዘናጋታቸው አያጠራጥርም። በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ በቺካጎ በኮቪድ ከሞቱት 70 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ከከተማዋ ነዋሪ ያላቸው ድርሻ ግን 30 በመቶ ገደማ ነበር።

ቁጥሩ ይፋ ሲሆን ተረቱ ተገልብጦ መጣ፤ ትናንት «አይያዙም» የተባሉት ዛሬ «በተፈጥሯቸው ደካሞች ናቸው» ተባሉ። ተመራማሪዎቹ ሁጎ ዜበርግና ስቫንቴ ፓቦ በ2020 እንዳሳወቁት ግን፣ ለከባድ ኮቪድ የሚያጋልጠውና ከጥንታዊው የኒያንደርታል ሰው የተወረሰው የዘረመል ክፍል በደቡብ እስያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ሲሸከመው፣ በአፍሪካ ከናካቴው የለም ለማለት ይቻላል። በእንግሊዝና በዌልስ የጥቁር ወንዶች የሞት ዕድል፣ የዕድሜ ልዩነት ከተስተካከለ በኋላ፣ ከነጮች 4.2 ጊዜ የላቀ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ የኑሮ ደረጃ፣ የመኖሪያና የጤና ሁኔታ ሲታከልበት ወደ 1.9 ወርዷል፤ አውቶቡስ የሚነዳና ሕሙማንን የሚያስታምም ሰው ቤቱ ተቀምጦ መሥራት አይችልምና። የቀረው ልዩነት ከምን እንደመነጨ ገና አከራካሪ ነው።

በአሜሪካ የክትባት ጥርጣሬ ሲነሣ የሚጠቀሰው፣ በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ጥቁሮች ቂጥኝ ተወጉ የሚለው ወሬም ስሕተት ነው፤ ከ1932 እስከ 1972 የተፈጸመው፣ ቀድሞ የታመሙትን በማታለል ያለ ሕክምና ማቆየት፣ ፔኒሲሊን ለቂጥኝ ሕክምና መዋል ከጀመረ በኋላም እሱን መንፈግ ነበር፤ ለጥርጣሬ ይህ ራሱ ከበቂ በላይ ነው።

የቆዳ ቀለም በእርግጥ ለውጥ ያመጣበት ስፍራ ቢኖር መሣሪያው ላይ ነው። በጣት ላይ ተሰክቶ በብርሃን አማካይነት የደምን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ፣ በዲሴምበር 2020 በታተመ የአሜሪካ ጥናት መሠረት፣ የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮች ይልቅ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ሳያሳይ ያልፋል። ስለዚህ ትንፋሽ የሚያጥረው ጥቁር ሕመምተኛ፣ በዋሽንግተንም ይኑር በአዲስ አበባ፣ የመሣሪያው ቁጥር ደኅና ቢመስልም ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል።