ቪዲዮው ሲቆራረጥ፤ ባንድል ከመግዛታችን በፊት ምን እንመርምር?

ፊልሞችንና የትምህርት ቪዲዮዎችን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አከማችቶ፣ በግቢው ውስጥ ላሉት ስልኮችና ቴሌቪዥን በዋይፋይ ማስተላለፍ ለስደተኛ ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ጊዜ የተገኘውን ቪዲዮ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና የጥናት ቡድኑ ደጋግመው ቢያዩት ተጨማሪ የኢንተርኔት ወጪ የለበትም። ይህን ሥራ የሚሠራው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። በላዩም እንደ ጄሊፊን ያለ ፊልም የሚያሠራጭ ፕሮግራም ወይም እንደ ኮሊብሪ ያለ የትምህርት ፕሮግራም ይጫናል። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ሲሆኑ፣ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ችግሩ የሚመጣው ቪዲዮው መቆራረጥ ሲጀምር ነው። ምስሉ ቆም ይላል፤ ጥቂት ይሄዳል፤ እንደገና ይቆማል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ኢንተርኔቱን ነው። ለቤት ወጪ ከተያዘው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ በኤም-ፔሳ ባንድል ይገዛል። ቪዲዮው ግን እንደ ቀድሞው ይቆራረጣል። ገንዘቡም ይባክናል፤ ለፈተና የሚዘጋጀው ተማሪም ትምህርቱን ሳይጨርስ የሶላሩ ባትሪ ያልቃል።

ስለዚህ በካኩማም ሆነ በሌላ መጠለያ ሠፈር ሰርቨር የምትጠቀሙ ሁሉ ጥፋቱ የት እንዳለ ያለ ምንም ወጪ መለየት እንድትችሉ የሚከተለውን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን ከጥርጣሬ ማውጣት

ከሰርቨሩ ወደ ስልኩ የሚሄደው ቪዲዮ ከግቢው አይወጣም። ከኮምፒዩተሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ይህንን ለማረጋገጥ የስልኩን ሞባይል ዳታ ዝጉ፤ ሲም ካርዱንም ከራውተሩ አውጡ። ራውተሩን ግን አታጥፉት። ከዚያም ያንኑ ቪዲዮ ክፈቱ። እንደ ቀድሞው ተከፍቶ የሚቆራረጥ ከሆነ ባንድል መግዛት ምንም አይጠቅምም።

ቪዲዮው የሚያልፍባቸው አራት ቦታዎች

ውኃ ከሮቶ ተነሥቶ በቧንቧ በኩል ቦኖው ጋ ደርሶ ጀሪካን ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ ቪዲዮም አራት ቦታዎችን ያልፋል። እነርሱም የተቀመጠበት ዲስክ፣ የሚያሠራጨው ኮምፒዩተር፣ የሚያስተላልፈው ዋይፋይ እና የሚቀበለው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቢደክም ሌሎቹ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆኑ ቪዲዮው ይቆራረጣል። የደከመውን ለመለየት ሦስት ሙከራዎች ይበቃሉ።

1ኛ. ቪዲዮውን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ክፈቱት። እዚያም ከተቆራረጠ ጥፋቱ የዲስኩ፣ የፋይሉ ወይም የኮምፒዩተሩ ነው። ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ እንደገና ሞክሩ።

2ኛ. ፋይሉን ወደ ስልኩ ገልብጡትና ዋይፋዩን ዘግታችሁ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈቱት። እዚህ ከተቆራረጠ ስልኩ ያንን ዓይነት ቪዲዮ የመፍታት አቅም የለውም ማለት ነው።

3ኛ. ሁለቱም ሙከራዎች ጥሩ ከሆኑ ስልኩን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙና በዋይፋይ ተመልከቱ። እዚያ ጥሩ ሆኖ ክፍላችሁ ውስጥ ሲሆን ከተቆራረጠ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። አጠገቡም ሆናችሁ ከተቆራረጠ ቪዲዮው ከብዷል፣ ወይም ሰርቨሩ ቪዲዮውን በመቀየር ሥራ ተጠምዷል።

የቪዲዮውን ክብደት ማስላት

ክብደቱን ለማወቅ የፋይሉን መጠን በሜጋባይት ወስዳችሁ በ8 አባዙ፤ ውጤቱን ቪዲዮው በሚፈጀው ሰኮንድ አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር ቪዲዮው በየሰኮንዱ የሚፈልገው ሜጋቢት ነው። ለምሳሌ 700 ሜጋባይት ሆኖ 90 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም በሰኮንድ 1 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። 4 ጊጋባይት ሆኖ 2 ሰዓት የሚፈጀው 4.4 ሜጋቢት ያህል፣ 30 ጊጋባይት ሆኖ 2 ሰዓት የሚፈጀው ደግሞ 33 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል።

እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ድርሻ እንደሚወስድም አትርሱ። ያንን 4 ጊጋባይት ፊልም አምስት ሰዎች በአምስት ስልክ ቢከፍቱት 22 ሜጋቢት ያስፈልጋል። በራውተሩ ሳጥን ላይ 150 ወይም 300 ሜጋቢት ተብሎ ቢጻፍም በተግባር የሚገኘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ በራቃችሁ መጠንም ይቀንሳል። አንድ ላይ ማየት ከተቻለ አንድ ቴሌቪዥን ከአምስት ስልክ ይሻላል።

ዋይፋዩ ከሆነ

ከሁሉ በፊት ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ አገናኙ። ሰርቨሩም ስልኩም በዋይፋይ ከሆኑ ያው ቪዲዮ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ አንዴ ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ ወደ ስልኩ። በገመድ ሲሆን ግን የመጀመሪያው ጉዞ ከአየር ላይ ይወርዳል። 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ አሮጌ መሣሪያ እንኳ ለአብዛኛው ቪዲዮ ይበቃል።

ቀጥሎ የራውተሩን ቦታ ተመልከቱ። ቆርቆሮ የዋይፋይን ሞገድ ይመልሳል። የቆርቆሮ ግድግዳ ባለበት ቤት ራውተሩን በሳጥን ውስጥ ወይም ከብረት አልጋ ሥር ማስቀመጥ አይገባም። ከፍ ባለ ቦታ፣ በመስኮት ወይም በበር አቅጣጫ ይቀመጥ።

ሦስተኛው መጨናነቅ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ራውተሮች በተጠጋጉ ቤቶች ውስጥ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። በራውተሩ ማስተካከያ ገብታችሁ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ጎረቤት ያልያዘውን ምረጡ። ራውተሩና ስልኩ 5 ጊጋኸርዝ ካላቸው በአንድ ክፍል ውስጥ እርሱ ይሻላል፤ ግድግዳ የማለፍ ኃይሉ ግን ያነሰ ነው።

ሰርቨሩ ከሆነ

ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ የማይችለው ዓይነት ቪዲዮ ሲከፈት ሰርቨሩ ቪዲዮውን ወደሚቻለው ዓይነት እየቀየረ ይልካል። ይህ ለኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ ነው። እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ላለ ትንሽ ኮምፒዩተርማ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ጄሊፊን ላይ በአስተዳዳሪው ገጽ ቪዲዮው በቀጥታ እየሄደ ወይም እየተቀየረ መሆኑ ይታያል።

መቀየር ከሚያስከትሉት ምክንያቶች አንዱ ኤች 265 የተባለው አጫጫን ሲሆን አሮጌ ስልኮች አይችሉትም። ሌላው ከፊልም ዲስክ የተወሰደና በሥዕል መልክ የተቀመጠ የግርጌ ጽሑፍ ነው። መፍትሔው ቪዲዮውን አስቀድሞ መቀየር ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ኃይል በሚበዛበት ቀትር ላይ፣ ወደ ኤም ፒ 4 ፋይል በኤች 264 ለውጡት። መጠኑንም ወደ 720 ዝቅ አድርጉት፤ በስልክ ለሚያይ ሰው ይህ ይበቃዋል። የግርጌ ጽሑፉ በኤስ አር ቲ ፋይል ቢሆን ይመረጣል።

ኃይልና ሙቀት

ራስፕቤሪ ፓይ 4 በ5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል። በተራ የስልክ ቻርጀር ሲሠራ ኃይል ያንሰውና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከስክሪን ጋር ከተያያዘ የመብረቅ ምልክት ያሳያል። ውስጡ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስም ራሱን ለመጠበቅ ይዘገያል። የቱርካና ሙቀት ቀላል ስላልሆነ ሰርቨሩን ከፀሐይ አርቁ፤ አቧራውን ጥረጉ፤ በጨርቅም አትሸፍኑት። ላፕቶፕም በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ሊዘገይ ይችላል።

ምልክቱን አስተውሉ

– ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ፋይሉ ወይም ዲስኩ ተበላሽቷል።
– ማታ ማታ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ዋይፋዩ ተጨናንቋል ወይም ባትሪው ደክሟል።
– ጥሩ ጀምሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚብስ ከሆነ፣ ሙቀትን ጠርጥሩ።
– ድምፁ እየሄደ ምስሉ የሚቀር ከሆነ፣ ተቀባዩ አልቻለውም።
– ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ቪዲዮው ከብዷል ወይም በመቀየር ላይ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ ሞክሩ። ሦስት ነገር በአንዴ ከተለወጠ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። የሞከራችሁትንም በወረቀት ጽፋችሁ ሰርቨሩ አጠገብ ለጥፉ፤ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው ከዜሮ አይጀምርም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ማውጣት ግድ ከሆነ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመድ ግዙ፤ ቀጥሎ ደህና ቻርጀር። አዲስ ራውተር የሚታሰበው ከእነዚህ በኋላ ነው። በሰርቨሩ ላይ ላለው ቪዲዮ ብሎ ባንድል መግዛት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ አይገባም።