ከዐስር በኋላ በብስክሌት

ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ ናት፤ ሠራተኛውም ተማሪውም ብስክሌት ይነዳል። አብዛኞቻችን ግን ብስክሌት የምንይዘው ለጉዳይ ስንቸኩል ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ መግሪብ እስኪደርስ፣ ያለ ጉዳይ በሠፈር ውስጥ ቀስ ብሎ መዞር ሌላ ጣዕም አለው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋላቢ ለእግረኛ ቀድሞ ሰላምታ እንዲሰጥ ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዛሬ ጋላቢው ባለ ብስክሌቱ ነው። የሚከንፈው ወጣት ግን "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ሳይጨርስ ሽማግሌውን አልፏቸው ሄዷል፤ መልሳቸውንም አይሰማም። ቀስ ብለን ስንነዳ ከበራፋቸው የተቀመጡትን እናት ጤና እንጠይቃለን፤ ሰሞኑን ከመስጂድ የጠፋው ጎረቤት ታሞ እንደሆነም እንሰማለን። በአንድ ሠፈር እየኖርን የጎረቤታችንን መታመም ከቀብሩ በኋላ የምንሰማ ሆነናል እኮ!

"ልጄ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ዋለ" እያልን ከምናማርር፣ አባት አብሮ ቢወጣስ? ክብር ይቀንሳል የሚል ካለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ መወዳደራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

ከመውጣት በፊት ፍሬኑና የጎማው ነፋስ ይታይ። ኮርቻው ለልጁ ከፍ ካለ ዝቅ ይደረግለት፤ እግሩ መሬት ካልነካ ሲያቆም ይወድቃል። ከልጆች ጋር ዋናውን አስፋልት ትቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ መሄድ ይሻላል። በእግረኛ መንገድ ላይ እየነዱ ሰው ማስደንገጥ ደግሞ የመንገድን ሐቅ መንካት ነው። መብራት የሌለው ብስክሌት መግሪብ ሳይገባ ይመለስ። አዛን መንገድ ላይ ከደረሰብን ከመስጂዱ ግቢ አቁመን እንሰግዳለን፤ ከዚያ እየገፋን ወደ ቤት።