በበቆሎ ማሳ ያለ ደመወዝ የምትሠራው ተርብ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው መንገድ እንጅባራ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በዳንግላ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ ቻግኒ ያመራል። ሁለቱም በቆሎ አብቃይ አካባቢዎችን ስለሚያቋርጡ ክረምት ላይ በማሳው የሆነው ነገር ከመኸር በኋላ በነጋዴው ሚዛን ላይ ይታያል።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ገበሬዎች ትሉን በእጅ ከመልቀም ጀምሮ ኬሚካል እስከ መርጨት ደርሰዋል። በማንም የወጪ መዝገብ ያልሰፈረች አንዲት ሠራተኛ ግን አለች፤ ጥገኛ ተርብ።

ይህች ተርብ ርዝመቷ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እንቁላሏን በለጋው ተምች ገላ ውስጥ ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ ተምቹን ከውስጥ እየተመገበ አድጎ ቆዳውን በስቶ ይወጣል። ተምቹም የእሳት እራት ሆኖ ሳይራባ ይሞታል።

ተመራማሪዎች በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተለያዩ ማሳዎች ከሰበሰቧቸው ተምቾች ከ34 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት ኮቴሲያ ኢሲፔ በተባለች ተርብ ተጠቅተው ተገኝተዋል። አኃዙ የአዊ ዞን ባይሆንም የሥራዋን መጠን ያመለክታል። በምዕራብ አፍሪካም ካሳቫን ያወድም የነበረ ተባይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ከደቡብ አሜሪካ በመጣች ሌላ ተርብ ተገትቷል። ሥራውን የመሩት ሐንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ሒሳቡ የሚበላሸው ያለ ልክ ሲረጭ ነው። ተምቹ በለጋ ቅጠሎች መሀል ስለሚሸሸግ መድኃኒቱ ሳያገኘው ሊቀር ይችላል፤ በቅጠሉ ላይ የምትዘዋወረው ተርብ ግን ትሞታለች። ቀጥሎ የሚፈለፈለው ተምች ጠላት አይኖረውም፤ ገበሬውም ለሁለተኛ ርጭት ይከፍላል። ይህ ወጪ ወይ ከገበሬው ትርፍ ይቀነሳል፣ ወይ በኩንታሉ ዋጋ ላይ ይጨመራል።

ይህ ሲባል ግን ኬሚካል አያስፈልግም ማለት አይደለም። ተርቧ የምትራባው ተምቹን ተከትላ በመሆኑ ድንገተኛ ወረርሽኝን ብቻዋን አትመክትም። የሚያዋጣው ማሳውን እየዞሩ ማየት፣ ጉዳቱ ሲበረታ ብቻ መርጨትና ተርቧ የምትቀስማቸውን የማሳ ዳር አበቦች አለማጥፋት ነው።

በቆሎ አስቀድሞ የሚዋዋል ነጋዴም ሆነ ደላላ ስለ ዝናቡ እንደሚጠይቅ ሁሉ ማሳው ስንት ጊዜ እንደተረጨ ቢጠይቅ አይከስርም።