ለውኃ መሳቢያ ሞተር የሚስማማውን የዘይት ውፍረት ስለ መምረጥ

በተከዜና በገባሮቹ ዳር በሞተር ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚያለሙ የዋግ ኽምራ ገበሬዎች ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው፤ «ቀጭን ዘይት ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል፤ ወፍራሙ ደግሞ ሞተር ይጠብቃል ይባላል፤ ታዲያ የትኛውን እንግዛ?» ነዳጅ በጀሪካን ከሰቆጣ ተጭኖ እስከ አበርገሌና ዝቋላ ቆላ በሚወርድበት አገር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ እንደ ሞተሩና እንደ ቦታው ስለሚለያይ፣ በዚህች ጽሑፍ ምክንያቱን ጭምር ለመግለጽ እንሞክራለን።

የዘይት ውፍረት ስንል ክብደቱን ወይም ጥራቱን ሳይሆን አልፈስም ባይነቱን ማለታችን ነው። የዋግ ማር በጥር ማለዳ ሰቆጣ ላይ ከዕቃው አልወርድ ብሎ ያስቸግራል፤ ያው ማር ቆላ ወርዶ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀጥናል። የሞተር ዘይትም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። በጣሳው ላይ ኤስ.ኤ.ኢ. ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር ይህንኑ የሚያመለክት ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ይወፍራል። ልኩ የሚወሰደው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ይኸውም በሥራ ላይ ያለ ሞተር ዘይት ከሚደርስበት ሙቀት ጋር ይቀራረባል። በዚህ ሙቀት ቁጥር 30 ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ፣ ቁጥር 40 ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ይለካል። 15 ደብሊዩ 40 የሚል ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት በብርድ ጊዜ እንደ ቀጭን፣ ሲሞቅ እንደ ቁጥር 40 ሆኖ እንዲያገለግል የተቀመመ ነው። ደብሊዩ ያለበት ቁጥር የብርዱ ነው፤ የ15 ደብሊዩ የማስነሻ ፈተና የሚደረገው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ ሰቆጣም ጋዝጊብላም ስለሌለ፣ 0 ደብሊዩ ወይም 5 ደብሊዩ ለሚል ዘይት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለእኛ አገር ጥቅም የለውም።

ሞተር ሲሠራ ኮሎው በመቀመጫው ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ካለ ብረት ከብረት አይነካካም። ዘይቱ ከቀጠነ፣ ጭነቱ ከበዛ ወይም ሙቀቱ ከፍ ካለ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ሲቋረጥም ብረቱ መፋቅ ይጀምራል። በሌላ በኩል ወፍራም ዘይት ሽፋኑን ቢያጠናክርም፣ ሞተሩ ያን ዘይት ለማንቀሳቀስ ጉልበት ያወጣል፤ ጉልበቱም የሚገኘው ከነዳጁ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ፓምፕ በሰዓት 1 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣና በበጋው 400 ሰዓት ቢሠራ 400 ሊትር ይፈጃል። ከቁጥር 40 ወደ ቁጥር 30 በመውረድ የሚገኘው ቁጠባ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 1 ወይም 2 ገደማ ስለሆነ፣ የሚተርፈው ከ4 እስከ 8 ሊትር ነው። በአንጻሩ ኮሎው ተፍቆ ሞተሩ ጋራዥ ቢገባና መለዋወጫ እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ቢያልፍስ? ሽንኩርት ሥሩ ጥልቀት የሌለው ተክል ስለሆነ ራስ መያዝ በጀመረበት ጊዜ ያን ያህል ቀን ውኃ ቢያጣ ምርቱ በእጅጉ ይቀንሳል። እኛ በበኩላችን ስምንት ሊትር ናፍጣ ለማትረፍ የአንድ በጋ ሽንኩርት አናስይዝም።

ስለዚህ ለባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ በተለይም ጥቂት ዓመታት ላገለገለው፣ መመሪያው ሌላ ካላዘዘ በቀር ቁጥር 40 ወይም 15 ደብሊዩ 40 እንመርጣለን። ለደጋው ባለ ሁለት ቁጥሩ ይሻላል፤ በማለዳ ብርድ ነጠላው ቁጥር 40 ስለሚጠጥር ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል። በጣሳው ላይ ኤ.ፒ.አይ. ከሚለው ጎን «ሲ» የሚል ፊደል መኖሩንም መመልከት ያስፈልጋል። ሲ.ኤፍ. 4፣ ሲ.ኤች. 4 ወይም ሲ.አይ. 4 የሚለው ለናፍጣ የተዘጋጀ ነው፤ «ኤስ» የሚለው ብቻ ያለበት የቤንዚን ሞተር ዘይት ነው።

ለትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ግን ነገሩ ይለያል። ለምሳሌ የሆንዳ ጂ.ኤክስ. ሞተሮች መመሪያ ለተለመደ ሥራ 10 ደብሊዩ 30 ያዝዛል። ይህን ሞተር «እንዲጠነክር» ብሎ ቁጥር 50 መጨመር ደግነት አይደለም፤ በገመድ ሲጎተት ይከብዳል፣ ነዳጅም ይበላል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በቆላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ 10 ደብሊዩ 30 ዘይት ቶሎ ሊጎድልበት ስለሚችል፣ በዚያ ነጠላ ቁጥር 30 የተሻለ ነው።

ቀጭን ዘይት በሌላው ዓለም ለምን እንደተስፋፋም መታወቅ አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ለከባድ የናፍጣ ሞተሮች ሁለት አዳዲስ ደረጃዎች ወጡ፤ ሲ.ኬ. 4 የቀድሞውን የሽፋን ጥንካሬ ሲይዝ፣ ኤፍ.ኤ. 4 ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ቀጠን ተደርጎ ተሠራ። ሁለተኛው የተፈቀደው ለእርሱ ተብለው ለተሠሩ አዳዲስ ሞተሮች ነው። ስለዚህ ኤፍ.ኤ. 4 የሚል ጣሳ በገበያ ቢገኝ ለፓምፕ ሞተር አይገዛም።

የዘይቱ ምርጫ ቢያምርም አቀማመጡ ከተበላሸ ከንቱ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ዘይቱን የሚረጩት ከታች በሚዞር ማንኪያ መሰል ብረት ነው። በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ዘንበል ብሎ የተተከለ ሞተር ማንኪያው ዘይቱን ሊስት ይችላል፤ የዚህን ጊዜ ቁጥር 30 ይሁን 40 ለውጥ የለውም። ስለሆነም ድንጋይ ደልድሎ ማስተካከልና ዘይቱን በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ መለካት ይገባል። የሆንዳው ዓይነት ሞተር ዘይት መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል። ነዳጅ መቆጠብ ለሚፈልግ ደግሞ የሚያፈስ የመሳቢያ ቱቦን ማጥበቅ፣ የተደፈነ አየር ማጣሪያን ማጽዳትና ፓምፑን ወደ ውኃው ማስጠጋት ከዘይት ለውጥ ይልቅ ብዙ ይጠቅማሉ።

ስለ ደጋው አንድ ነገር ይቀራል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል። ናፍጣው ሳይቀነስ የሚሠራ ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ያልተቃጠለውም ናፍጣ በፒስተን ፋሻ በኩል ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ሳይጨመርበት በመለኪያው ዘንግ ላይ ከፍ ያለና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ዘይት ከታየ፣ በጣሳው ላይ 40 የተባለው ከዚያ ቀጥኗል ማለት ነው። ይህ ሲሆን ዘይቱን ወዲያውኑ ለውጦ፣ ኖዝሉንና የነዳጅ ፓምፑን ልክ ለመካኒክ ማሳየት ነው። የወጣው አሮጌ ዘይት ወደ ቦይ ሳይደፋ በጀሪካን ተከድኖ ይቀመጥ።