ራሱን የተከናነበው ዓባይ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተ ሰሜን በሚገኘው የሰከላ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የግሽ ተራራ ግርጌ፣ ከረግረጋማ መስክ መካከል የሚፈልቅ ምንጭ አለ። ምንጩ ለዓይን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ከገደል አይወረወርም፣ ድምፁም ከሩቅ አይሰማም፣ ከመስኩ ወጥቶ ሲወርድም ሕፃን ልጅ የሚሻገረው ቦይ ነው። ይሁን እንጂ ግሽ ዓባይ ከሚባለው ከዚህ ምንጭ የሚነሣው ወንዝ፣ ምንጩን አይተውት በማያውቁ ሰዎች እጅ በቬኒስ በብራና ላይ ተነድፏል፣ በሮም አደባባይ በእብነ በረድ ተቀርጿል፣ በለንደንም ለፌዝ መጽሐፍ ምክንያት ሆኗል። የጉዞ፣ የካርታ ንድፍና የሥነ ጥበብ ታሪክ ካፈሯቸው ግራ አጋቢ ነገሮች መካከል፣ አንድ አገር ሙሉ የሚያውቀው ውኃ በሌላው ዓለም ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት “ያልተገኘ” ሆኖ መቆየቱና ሲገኝም ደጋግሞ “መገኘቱ” ከሁሉ የሚበልጠው ሳይሆን አይቀርም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ከዓመት ጋር የተጻፉት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዳነቱ ከወንዙ አካሄድ ይጀምራል። ከግሽ የሚወጣው ውኃ ግልገል ዓባይ፣ ማለትም ትንሹ ዓባይ፣ ተብሎ ወደ ሰሜን ይፈስስና ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁም በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጎጃምን ከወሎና ከሸዋ እየለየ ወደ ደቡብ ይዘልቅና በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን ታላቅ ሸለቆ አልፎ ወደ ምዕራብ በመታጠፍ ሱዳን ይገባል። ስለዚህ ወንዙ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ይታጠቀዋል ማለት ነው። ከቡሬ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ዓባይን ሲወለድ የሚያገኘው ሲሆን፣ ከቡሬ ተነሥቶ በነቀምት መንገድ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ደግሞ ያንኑ ወንዝ ጣናን፣ ፏፏቴውንና ሸለቆውን ሁሉ አካልሎ፣ በድልድይ ካልሆነ የማይታለፍ ሆኖ ያገኘዋል። በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት እንደሚወጡ ከተነገረላቸው አራት ወንዞች መካከል የኢትዮጵያን ምድር ይከባል የተባለው ግዮን ዓባይ ነው የሚለው የሊቃውንቱ ትርጓሜ፣ ይህን ዙረት በዓይኑ ላየ የጎጃም ሰው ማስረጃ የሚያሻው አይደለም።

በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ግሽ ዓባይ በመጀመሪያ ደረጃ ጸበል ነው፤ ጸበል ማለትም ለመጠመቂያና ለመጠጫ፣ ለፈውስም የሚሆን የተባረከ ውኃ ሲሆን፣ እንደ ልማዱ እህል ሳይቀመስ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው። ቦታው ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በተለይ በጻድቁ በዓል በጥር 13 ምእመናን ወደዚያ ይጎርፋሉ። እንደ ገድላቸው ትውፊት፣ የንጉሥ ወታደሮች ሊያስሯቸው በመጡ ጊዜ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከዓመታት እስር በኋላ ተመልሰው በጠየቁ ጊዜም ውኃው መጻሕፍቱን ሳያርስ መለሰላቸው። የብራና መጽሐፍ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ቆዳው እንደሚኮማተርና ቀለሙ እንደሚፈስስ የሚያውቅ ማኅበረሰብ፣ የተአምሩን ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የውጭው ዓለም ስለዚህ ወንዝ ያገኘው ከሁሉ የተሻለ ጥንታዊ ሥዕል የተገኘው ደግሞ ከአሳሽ ሳይሆን ከኢትዮጵያውያን እጅ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ክብ የዓለም ካርታ ሲያዘጋጅ፣ ስለ ኢትዮጵያ የነገሩት የዚያው አገር ካህናት እንደሆኑና አውራጃዎቹንና ከተሞቹን በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት በካርታው ላይ ጽፏል። በዚህም ምክንያት ዓባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽና ሸዋ በካርታው ላይ በየስማቸው ተጽፈው ይታያሉ። ካርታው ዛሬ ከለመድነው በተቃራኒ ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተነደፈ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ በላይ ተቀምጣ ዓባይም ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ለደጋ ሰው ከዚህ የቀና ካርታ ሊነደፍለት አይችልም። የካህናቱ ስም ግን አልተመዘገበም፤ የጂኦግራፊ ታሪክ መጻሕፍትም “አግኚዎች” በሚሉት ዝርዝር ውስጥ አያስገቧቸውም።

በዚያ ዝርዝር ላይ ቀድሞ የሚገኘው ስም የስፔኑ ተወላጅ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ተወዳጅነትን ያተረፈ ሰው ሲሆን፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ ግሽ ደረሰ፤ የምንጩን ጥልቀት ጦር እየሰደደ ለካ፤ ቂሮስና ካምቢሲስ፣ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት ተመኝተው ያላዩትን በማየቱ ደስ እንዳለውም ጻፈ። እዚህ ላይ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከነሠራዊታቸው በምንጩ ዙሪያ ቆመው ሳለ ምንጩን “አገኘው” የተባለው አብሯቸው የመጣው እንግዳ ነው። ፓኤዝ በ1622 ሞተ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ የያዘው ትልቁ መጽሐፉም ሙሉ በሙሉ ታትሞ የወጣው በ1905 እና በ1906 ስለሆነ፣ ምስክርነቱ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ ተቆራርጦ ኖረ።

የዚህ መዘግየት ከሁሉ የሚያስገርመው ውጤት በሮም ፒያሳ ናቮና በተባለው አደባባይ ቆሟል። ሎሬንዞ በርኒኒ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ ትእዛዝ ሠርቶ በ1651 ያስመረቀው “የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ” የአራት ክፍለ ዓለማትን ወንዞች፣ ማለትም ዳኑብን፣ ጋንጀስን፣ ናይልንና ሪዮ ዴ ላ ፕላታን፣ በግዙፍ የሰው አምሳል ያሳያል፤ ከመካከላቸው ናይልን፣ ማለትም ዓባይን፣ የሚወክለው ሰው ራሱን በልብስ ተከናንቦ ፊቱን ሸፍኗል። የሥነ ጥበብ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት መከናነቡ የወንዙ ምንጭ አለመታወቁን ለማመልከት ነው። ሐውልቱ በተመረቀ ጊዜ ግን ፓኤዝ ግሽን ካየ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። በፏፏቴው አናት ላይ ባለው በግብፅ አሠራር የተሠራ ሐውልት፣ ማለትም በአራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ በሚሄደው የድንጋይ ዓምድ፣ ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት እንዲተረጉም የተመደበው አትናስዮስ ኪርከር የተባለ የዚያው የኢየሱሳውያን ማኅበር ሊቅ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ እንግዳ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ፓኤዝ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈውን ከ1652 ጀምሮ በታተመው ስለ ግብፅ በሚናገር ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ያወጣው ይኸው ኪርከር ነው። የናይልን ፊት በድንጋይ የሸፈነውና በቀለም የገለጠው ሥራ በአንድ ከተማ፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ አንድ ሰው በተካፈለበት ሁኔታ ተከናውኗል። የሮም ሰዎች ደግሞ ስለ መከናነቡ ሌላ ምክንያት ፈጥረዋል፤ ናይል ፊቱን የሸፈነው የበርኒኒ ተፎካካሪ ቦሮሚኒ ፊት ለፊት የሠራውን ቤተ ክርስቲያን ላለማየት ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ መሠራት የጀመረው ፏፏቴው ከተጠናቀቀ ከዓመት በኋላ በመሆኑ ቀልዱ ከዘመን ጋር አይስማማም፤ ቢሆንም አስጎብኚዎች እስከ ዛሬ ይደግሙታል።

በዚያው ዘመን አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በመጀመሪያ በሮም፣ ከዚያም በ1652 በጀርመን አገር በጎታ ቤተ መንግሥት ተገናኝተው ስለ አገራቸው ቋንቋ፣ ታሪክና መልክዐ ምድር አስተማሩት፤ ሉዶልፍም በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1683 ደግሞ ዓባይ ጎጃምን ሲዞር የሚያሳየውን ካርታ አሳተመ። ሌላው የኢየሱሳውያን ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው የጻፈውን ወጣቱ ሳሙኤል ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አወጣው፤ ከዚያ ንባቡም በ1759 “ራሴላስ” የተባለ የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ የሚተርክ ልብ ወለድ ተወለደ። የልዑሉ ስም የተቀዳው የዐፄ ሱስንዮስ ወንድምና የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደሆነ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይስማማሉ።

ወደ ግሽ ከመጡት እንግዶች ሁሉ ብዙ የተወራለት ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። በ1769 ኢትዮጵያ ገብቶ በጎንደር ቤተ መንግሥት ተቀባይነት ያገኘው ይህ ሰው፣ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ የግሽን መንደር በጉልት፣ ማለትም ግብሩን እንዲበላበት፣ እንደሰጡት ጽፏል፤ ስለዚህ ምንጩን ፈልጎ የወጣው አሳሽ፣ ቢያንስ በቃል ደረጃ፣ የምንጩ ባለ ጉልት ሆኖ ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1770 ከቦታው አጠገብ በደረሰ ጊዜ ወልዶ የተባለው መንገድ መሪው እግሬን አመመኝ እያለ ወደ ኋላ ቢጎተትበት፣ በሽታው በወገቡ ላይ ባለው ቀይ የሐር መታጠቂያ የሚድን መሆኑን ተረድቶ ፈትቶ ሰጠው። ቦታው የተከበረ ስለሆነ ጫማውን እንዲያወልቅ ተነገረው፤ በባዶ እግሩ ቁልቁለቱን ሲሮጥም ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ሣር የለበሰውንና የመሠዊያ መልክ ያለውን ጉብታ አገኘ። ያኔ በአካባቢው የነበሩት አገዎች በየዓመቱ በምንጩ ላይ ከብት ይሠዉ እንደነበርና የምንጩ አገልጋይ ክፍለ ዓባይ የሚባሉ ሽማግሌ እንደነበሩም መዝግቧል። ከዐረብ አገር ይዞት በመጣው ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ዋንጫ ውኃውን ቀድቶ፣ ስትራቴስ ከተባለው ግሪካዊ ባልንጀራው ጋር ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 3ኛና ለሩሲያዋ ንግሥት ለካትሪን ጤና ጠጡ።

ከደስታው ቀጥሎ የመጣው ስሜት ግን ብሩስ ከጻፈው ሁሉ ይልቅ እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ስንት ባሕርና በረሃ አቋርጦ የደረሰበት ነገር ትንሽ ምንጭ ብቻ መሆኑን ባየ ጊዜ ሐዘን ወረደበት፤ በገዛ አገሩ ከአንድ ኮረብታ የሚነሡትን የትዊድን፣ የክላይድንና የአናንን ወንዞች አስታውሶ በውበት ከዚህ አያንሱም ሲል አሰበ። ፓኤዝ እንደቀደመው የሚናገረውን የኪርከርን ጽሑፍም ፓኤዝ ቦታውን አላየም በማለት ሊያስተባብል ደከመ። እሱ በፓኤዝ ላይ ያደረገውን ለንደን በእሱ ላይ አደረገችበት፤ በ1774 ተመልሶ በኢትዮጵያ ጥሬ ሥጋ እንደሚበላ ባወራ ጊዜ ብዙ ሰው ውሸታም አለው። በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ ካሳተመ ከሁለት ዓመት በኋላም፣ ተረት በሚያስንቅ ውሸቱ ከሚታወቀው ከባሮን ሙንካውዘን ታሪኮች አንዱ ቅጽ በፌዝ ለእሱ መታሰቢያ ተደርጎ ታተመ። ዛሬ ማንኛውም የጎጃም አንባቢ ሊመሰክርለት የሚችለው የጥሬ ሥጋ ነገር፣ ያኔ ከምንጩ ይልቅ ስሙን ጎድቶታል።

ምንጩ ከታወቀ በኋላም ቢሆን ወንዙ ጎጃምን የሚዞርበት ሸለቆ በካርታ ላይ በእርግጠኛ መስመር ሳይሆን በነጥብ ብቻ ሲታይ ቆይቷል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ የደከመው ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ሲሆን፣ በበቅሎና በእግር እየተጓዘ ያጠናውን በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በጻፈው መጽሐፍ አወጣ። በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የብሪታንያ ወታደሮች ቡድን በላስቲክ ጀልባ ሸለቆውን ወረደ፤ ከ2005 ወዲህ ደግሞ ጉግል ኧርዝ የተባለው የሳተላይት ምስል ማሳያ ለሕዝብ በመቅረቡ፣ ፍራ ማውሮ ከካህናቱ የሰማውን ዙረት ማንም ሰው በስልኩ ላይ ጎጃምን አጉልቶ ሊያየው ይችላል።

ከምንጩ እስከ ባሕር ድረስ ወንዙን ሙሉ በሙሉ ለመከተል የተሳካላቸው ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ናቸው፤ ታኅሣሥ 25 ቀን 2003 ከሰከላ ተነሥተው ከአራት ወር በላይ ከፈጀ የእግርና የጀልባ ጉዞ በኋላ ሚያዝያ 28 ቀን 2004 ሜድትራንያን ባሕር ደረሱ። ለግዙፍ መጋረጃ የተሠራው የጉዟቸው ፊልም በ2005 ለተመልካች ሲቀርብ፣ ፓኤዝ ግሽን ካየ ወደ አራት መቶ ዓመት ቢጠጋም፣ አዘጋጆቹ የመረጡለት ስም “የናይል ምስጢር” የሚል ነበር።