የቡልቡላ ወንዝና የአብያታ ሐይቅ፤ ስለ ተፋሰስ ውኃ አጠቃቀም

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ በስተ ግራው ሻላንና አብያታን፣ በስተ ቀኙ ላንጋኖን፣ ወደ ፊትም ዝዋይን ያገኛል። እነዚህ ሐይቆች ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፣ አብያታ ግን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ጥልቀተ ቢስ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን የነበረው ይኸው አብያታ፣ ከ2000 ወዲህ በተለያዩ ዓመታት በተነሡ የሳተላይት ሥዕሎች ላይ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጥቶ ታይቷል። የሸሸው ውኃ የተወው ሜዳ በነጭ ጨው ተለብጧል።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ፍለጋውን ከሐይቁ ዳርቻ ሳይሆን ከላይ መጀመር ያሻል። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የከታር ወንዝ ደግሞ ከአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች ወርደው ወደ ዝዋይ ይገባሉ። ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ አማካይነት ወደ አብያታ ይወርዳል፤ ከላንጋኖም ሆራ ቀሎ የተባለው ወንዝ ይጨምርለታል። አብያታ ግን መውጫ የለውም። የተቀበለውን ውኃ የሚሰጠው ለፀሐይ ብቻ ነው።

በዚህ የሸለቆ ወለል ላይ በዓመት በትነት የሚጠፋው ውኃ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በቀጥታ የሚዘንበው ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለስሌት እንዲመች ጉድለቱን 1.2 ሜትር እንበል። እንግዲህ እያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር የሐይቅ ገጽ በየዓመቱ 1.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የወንዝ ውኃ ይፈልጋል ማለት ነው፤ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ 240 ሚሊዮን፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ። ወንዞቹ የሚያመጡት ሲቀንስ ሐይቁ ገቢው ከወጪው እስኪመጣጠን ድረስ ይጠባል። መጥበቡ ራሱ ሐይቁ ሒሳቡን የሚያስተካክልበት መንገድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን የዝዋይ አፍ ነው። ዝዋይ ከዘጠኝ ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ያለው ሰፊ ሐይቅ በመሆኑ፣ ወደ ቡልቡላ የሚፈሰው ከመውጫው ደፍ በላይ ያለው ስስ የውኃ ንብርብር ብቻ ነው። በመቂና በከታር ዳር ያለው መስኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በባቱ ከተማ አጠገብ የተስፋፉት የአበባ እርሻዎች፣ የአነስተኛ ገበሬዎች የውኃ መሳቢያ ሞተሮች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ የሚወስዱት ጥቂት ይመስላል። ይሁን እንጂ ድምሩ የዝዋይን ወለል ጥቂት ዝቅ ሲያደርገው፣ ዝዋይ ሙሉ መስሎ እየታየ ቡልቡላ ሊነጥፍ ይችላል። በአብያታ ዳርም ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ከራሱ ከሐይቁ ተስቧል።

የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። የአገሪቱ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል፤ ትነትም ከሙቀት ጋር ያድጋል። ሆኖም ሁሉን ነገር በሰማይ ማሳበብ ለዕቅድ አውጪ ምቹ እንጂ ትክክል አይደለም። በዚያው ስምጥ ሸለቆ፣ በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከነበረው ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል፤ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከመስኖ እርሻዎች ወደ መሬት የሰረገው ውኃ ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚሞላ ከሆነ፣ የሰው እጅ መመርመር አለበት።

ጉዳቱ የውኃ መጠን ብቻ አይደለም። ውኃው ሲያንስ ጨውና ሶዳው ይከማቻል። በዚህም ሳቢያ ቀድሞ በአብያታ ይጠመድ የነበረው ቆሮሶ ጠፍቷል። በሻላ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ነጭ ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚፈልጉት በአብያታ ነበርና፣ ዓሣው ሲጠፋ እንደ ዝዋይ ወዳሉ ሩቅ ሐይቆች መብረር ግድ ሆኖባቸዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውኃ ከማናቸውም አገልግሎት እንዲቀድም ደንግጓል። ይህ ተገቢ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ከመስኖና ከፋብሪካ መካከል ማን ስንት ይውሰድ የሚለው ሲሆን፣ መልሱ የሚገኘው ቡልቡላ በየወሩ ምን ያህል እንዲፈስ እንደሚፈለግ አስቀድሞ ሲወሰንና ፈቃድ የሚሰጠው ከዚያ በተረፈው ላይ ሲሆን ነው። ዛሬ የሚታየው አካሄድ ከሞላ ጎደል የተገላቢጦሽ ነው፤ ቡልቡላ የሚደርሰው የሁሉም ትራፊ ነው።

የሳይንስ መምህር ይህን በሁለት ጎድጓዳ ሣሕኖች ሊያሳይ ይችላል። የላይኛው ሣሕን ከንፈሩ ላይ በትንሹ ይነደልና ውኃ በዝግታ ይጨመርበታል፤ ትርፉም ወደ ታችኛው ይፈሳል። ከዚያ ተማሪዎች ተራ በተራ ከላይኛው በትንሽ ስኒ ይቅዱ። በስንተኛው ስኒ ላይ ፍሰቱ እንደተቋረጠና በዚያን ጊዜ የላይኛው ሣሕን ምን ያህል እንደጎደለ በማስመሪያ ለክተው በደብተራቸው ይጻፉ።